ጫማ ጠባቂ የሆንኩበት ፍልሰታ

እውነቱን ልናገርና፣ እጄን ያወጣሁት ኮሚቴ እሆናለሁ ብዬ ነው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ አንድ እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ፣ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ድምፅ ማጉያውን ይዘው «ፍልሰታ ሊገባ ነው። ምእመኑ በየዓመቱ እየበዛ ነው፤ አገልጋዩ ግን ያው ነው። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ሙያ ያለው በሙያው ይርዳን» አሉ። እኔ «ሙያ» የምትለዋ ላይ ጆሮዬ ቆመ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ኤርፖርት፣ ካርጎ ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝ። አበባው ከሥጋው፣ መድኃኒቱ ከመኪና መለዋወጫው ሳይደባለቅ ሁሉም በየአገሩ እንዲደርስ የማደርግ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ኮሚቴ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? እዚያው ቆሜ በሐሳቤ ጠረጴዛ ሰጡኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ማኅተም አኖርኩ፤ ደረቴ ላይ ባጅ ለጠፍኩ። እጄ በራሱ ጊዜ ወጣ።

በሴቶች በኩል የቆመችው ባለቤቴ ሰናይት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ አየኋት። አይፈረድባትም። ቤት ውስጥ አምፖል ለመቀየር የሦስት ቀን ቀጠሮ የምሰጥ ሰው መሆኔን ታውቃለች።

አባታችን ጠጋ ብለው «ምን ልታግዘን ትችላለህ ልጄ?» አሉኝ።

«ማንኛውንም ነገር፣ አባ» አልኩ፤ በጣም ትሑት በሆነ ድምፅ።

«እግዚአብሔር ይስጥልን። እንግዲያውስ ጫማ ጠብቅልን።»

የዓመት ፈቃዴን ሞልቼ የወጣሁት ለዚህ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ የት ልትሄድ ነው ሲሉኝ «መንፈሳዊ አገልግሎት አለኝ» አልኳቸው። ዝርዝር ውስጥ አልገባሁም።

ቤተ ክርስቲያናችን ለሚ ኩራ ውስጥ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ናት። ዋናው ሕንጻ ገና ዓምዱ ብቻ ስለቆመ፣ የምናስቀድሰው ከጎኑ በቆርቆሮ በተሠራው መቃኞ ውስጥ ነው። ከበሩ በስተግራ በአራት እንጨት የቆመች የቆርቆሮ ጥላ አለች። ከሥሯ ሦስት ረድፍ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላልበቃው ደግሞ መሬት ላይ የተነጠፈ ሸራ አለ። ሰው ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጫማውን የሚያወልቀው እዚያ ነው። የእኔ ቢሮ ይህች ሆነች።

አለቃዬ ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ፣ አካባቢው ሁሉ የጤፍ ማሳ በነበረበት ጊዜ፣ እዚሁ ገበሬ ነበሩ። የእኛን ሕንጻ በጣታቸው እያሳዩኝ «ልክ አንተ ቤት ታች፣ ቡሬ የምትባል ላሜ ወለደች» አሉኝ። ምን እንደሚባል ግራ ስለገባኝ «እንኳን ማርያም ማረቻት» አልኩ።

ጋሽ ቶሎሳ ወረቀት የላቸው፣ ቁጥር የላቸው። ሰው ጫማውን ሲሰጣቸው አንድ ጊዜ ጫማውን፣ አንድ ጊዜ ሰውየውን ያያሉ፤ አለቀ። ሰውየው ሲወጣ ገና በሩ ላይ ሳለ ጫማው እግሩ ሥር ይደርሳል።

«እንዴት ነው የሚያስታውሱት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እረኛ ሆኜ ጥጃው የማን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ጫማ ደግሞ ይሻላል፤ አይሮጥም» አሉኝ። ይህን ያሉኝ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ዋልኩ። አንዳንዱ ጫማ፣ ምን ልበላችሁ፣ እጅ ከመዘርጋት በፊት በስመ አብ ያስብላል። የማላውቃቸው ጎረምሶች «አባቴ፣ እንዳይጠፋብኝ አደራ» ሲሉኝ ደግሞ «አባቴ» የምትለዋ ከሽታው በላይ ታመኝ ነበር። የሆነ ሆኖ ዋልኩ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ቡናማ የቆዳ ጫማ እጄ ላይ አረፈ። ቀና ስል መስፍን ነው።

መስፍን ማለት አራተኛ ፎቅ፣ ልክ ከእኔ ቤት በላይ የሚኖር የሂሳብ አስተማሪ ነው። ከስምንት ወር በፊት የእሱ መታጠቢያ ቤት የእኔን ሳሎን ጣራ ማርጠብ ጀመረ። «አስጠግነው» አልኩት። «የሕንጻው አሠራር ነው እንጂ የእኔ ጥፋት አይደለም» አለኝ። «ጠዋት ጠዋት ገላውን የሚታጠበው ሕንጻው ነው እንዴ?» አልኩት። በዚሁ ሰላምታ ቀረ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም ስልክ የተደወለልን እናስመስላለን። ጣራዬ ላይ ያለው እድፍ ደግሞ በየወሩ ይሰፋል። ሰናይት ዝሆን ይመስላል ትላለች፤ በቅርቡ ኩምቢ አውጥቷል።

ጠቡ ያልነካቸው እናቱ እማማ አስካለ ብቻ ናቸው። ጆሯቸው ከበድ ስለሚል አልሰሙት ይሆናል፤ ወይም ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነዋል። ከሰናይት ጋር በሳህን በሳህን ምግብ ይላላካሉ። እኔን ባዩኝ ቁጥርም ደረጃው እስኪያስተጋባ «ደህና ነህ ወይ ልጄ!» ይሉኛል።

የመስፍንን ጫማ እንደ ጨዋ ሰው ተቀበልኩ። ከዚያ እንደ ጨዋ ሰው መደርደሪያው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን መሬት አወረድኩት፤ ሸራው ላይ። በአራተኛው ቀን የሸራው ጠርዝ ላይ። በአምስተኛው ቀን ከሸራውም ወጣ፤ ለሕንጻው ሥራ ውኃ ማፋሰሻ ተብሎ የተቆፈረው ቦይ አፍ ላይ ደረሰ። ጾም መሆኑን አውቃለሁ። በአፌ አንድም ክፉ ቃል አልተናገርኩም፤ በጫማው ነው የተናገርኩት።

ይህ ክፋቴ ነው። አሁን ደግሞ ወደ ሞኝነቴ እንለፍ።

በአምስተኛው ቀን ማታ ጋሽ ቶሎሳን ላዘምን ወሰንኩ። ካርጎ ያለ ቁጥር አይንቀሳቀስም፤ ጫማስ ለምን ይንቀሳቀሳል? ካርቶን እየቆራረጥኩ፣ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ጊዜ ቁጥር ጻፍኩ። ግማሹ በላስቲክ ጫማው ላይ ይታሰራል፤ ግማሹ ለባለቤቱ ይሰጣል። ሰናይት በቁርጥራጭ የተሞላውን ምንጣፍ እያየች «ሰውዬው ግን የጎደለው ነገር አለ?» አለችኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ጋሽ ቶሎሳ ናቸዋ። ጫማ ጠፍቶባቸው ያውቃል?»

«አልጠፋባቸውም። ግን ሲስተም የላቸውም» አልኳት።

በማግስቱ ለጋሽ ቶሎሳ «ዛሬ እርስዎ ገብተው ያስቀድሱ፤ እኔ አለሁ» አልኳቸው። ካርቶኖቹን አገላብጠው አዩ። «እኔ ቅዳሴ የምሰማው በቆርቆሮው ቀዳዳ ነው እኮ፤ ዓመት አለፈኝ» አሉ። ቀስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ገቡ። የእሳቸውን ጫማ ቁጥር አንድ አልኩት። የሠራሁት በጎ ሥራ ደረቴን ሞላው። እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ሞልቶት ቆየ።

ሕዝቡ ሲስተሙን በየራሱ መንገድ ተረዳው። አንዲት እናት ካርቶናቸውን ስመው የምጽዋት ሳጥን ውስጥ ከተቱት። እማማ አስካለ ደግሞ ቁጥራቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው «ይሄ ምንድነው?» አሉኝ።

«ቁጥር ነው፣ እማማ!» ብዬ ጮህኩ።

«እጣ ነው?»

«አይደለም! የጫማዎት ነው!»

«ጫማ ነው የሚደርሰው? ጎሽ! ተባረኩ! የእኔ ስንት ይላል?»

«ሰማንያ አራት!»

ሰማንያ አራትን መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሯት። ከኋላቸው የቆሙት ሴትዮ ይህን ሰምተው «ለእኔ ሁለት ስጠኝ፣ ልጄ ሥራ ሄዳ ነው» አሉኝ። መስፍን እናቱን ደግፎ ቆሞ፣ ፈገግታውን ለመደበቅ ወደ ሰማይ አየ። እኔም የእሱን ጫማ ተቀብዬ፣ ካርቶን አስሬ፣ ወደ ተለመደችው ቦታው፣ ቦይ አፍ ላይ ወሰድኩት።

ሰማዩን መስፍን ብቻ ሳይሆን እኔም ባየው ኖሮ ጥሩ ነበር። ቅዳሴው ሊያልቅ ሲቃረብ ዝናቡ መጣ። ያውም ከበረዶ ጋር። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የካህናቱ ድምፅ እንኳ አይሰማም። ነፋሱ ዝናቡን በጎን እያስገባ ካርቶኖቼን መታቸው። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ቁጥሮቹን የጻፍኳቸው በእስክሪብቶ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ካርጎ የሠራ ሰው፣ በነሐሴ ወር፣ በእስክሪብቶ!

ሰባ ሁለት ዓይኔ እያየ ሰማያዊ እንባ ሆኖ ወረደ። መቶ ሦስትም ተከተለ። እኔ ቁጥር ለማትረፍ ስሯሯጥ ቦዩ ሞላና ጎርፉ ወደ ሸራው መጣ። መሬት ላይ የነበሩት ጫማዎች መጀመሪያ ተነቃነቁ፤ ቀጥሎ እንደ ዳክዬ ተከታትለው ጉዞ ጀመሩ። አንዲት የሕፃን ቦት በትልቅ ነጠላ ጫማ ላይ ተሳፍራ ስትሄድ አጥር ሥር ደረስኩባት። ያገኘሁትን ሁሉ እየለቀምኩ ወደ መደርደሪያው ወረወርኩ። ላይኛው ረድፍ ክብደቱን አልቻለም፤ ተገንጥሎ መካከለኛው ላይ ወደቀ፤ መካከለኛው ታችኛው ላይ። አሁን መደርደሪያ የለም። በጭቃ የተለወሰ የጫማ ክምር አለ፤ አናቱ ላይ የጋሽ ቶሎሳ ቁጥር አንድ አለች።

ዝናቡ ቆመ። ከውስጥ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሲል ተሰማ። በሰላም ወደ ቤታቸው እንደማይገቡ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወጡ። አንድ ሁለት ሰው መስሎኝ ነበር፤ ሁሉም ናቸው። ካርቶናቸውን ከፍ አድርገው ከበቡኝ።

«ሃምሳ ስድስት!»

«የእኔ መቶ ሠላሳ!»

«እናቴ፣ እዚህ ሃምሳ ስድስት የሚል የለም። እዚህ ያለው ሰማያዊ ውኃ ነው» አልኩ።

የኤርፖርት ዩኒፎርም የለበሰች ወጣት ሰዓቷን እያየች «ወንድሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ እገባለሁ። ጥቁር ፍላት ነው የእኔ» አለችኝ። ክምሩ ውስጥ እጄን ብሰድ ጥቁር ፍላት ወጣ። «አይደለም።» ሌላ ወጣ። «እሱም አይደለም።» ሰባተኛው ላይ ስደርስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የእኔም እንደዚያው። አንዱ ሽማግሌ «ይሄ ሰውዬ ከየት መጣ?» ሲሉ ሌላው «ከካርጎ» አላቸው። ጭራሽ መሥሪያ ቤቴንም አሰደብኩ። እማማ አስካለ ደግሞ ከመሃል ሆነው «ሰማንያ አራት ወጣ ወይ?» ይላሉ።

ያን ጊዜ ጋሽ ቶሎሳ ወጡ። ክምሩን አዩ። እኔን አዩ። አልተቆጡም። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ በባዶ እግራቸው ጭቃው ውስጥ ገብተው፣ ዱካ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ልክ ጥጃ እንደሚለይ ሰው ጀመሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ሥራ የምትሄጂው፣ ነይ። ተረከዙ በግራ በኩል የተበላው ያንቺ ነው። አዎ፣ እሱ። አንተ፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለበት ያንተ ነው። እማሆይ፣ የእርስዎ ማሰሪያው ነጭ ክር ነው፤ ታች ነው፣ ያውጣልዎ።»

ያውጣልዎ የተባልኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ቶሎሳ ይጠራሉ፣ እኔ እቆፍራለሁ። «እጠበው» ይሉኛል፤ አጥባለሁ። ጫማው ቢታጠብም እግሩ ጭቃ ስለሆነ፣ ከበርሜል በጆግ እየቀዳሁ የአሮጊቶቹን እግር አጥቤ ጫማቸውን አጠልቅላቸዋለሁ። እነሱም ይመርቁኛል። «እንቅፋት አይንካህ!» «አገልግሎትህን ይቀበልልህ!» ሲሉኝ፣ ጫማቸውን ያጠፋሁት እኔው መሆኔን ረሱት እንዴ ብዬ ቀና እላለሁ። አልረሱም። እንደዚያም ሆኖ ይመርቁኛል። አንዷ ጉልበቴን መሬት ላይ አንበርክኬ ሳጥባቸው ራሴን ዳበስ አድርገው «ደከመህ አይደል?» አሉኝ። አሥራ ስምንት ዓመት በሥራ ቦታ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ያጠብኩትን እግራቸውን ደግሜ አጠብኩት።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ክምሩ አለቀ። ሁሉም ሄደ። የቀሩት እማማ አስካለና መስፍን ናቸው። መስፍን አንድ ቡናማ ጫማ በእጁ ይዟል። ቀኙን። ግራው የለም። ቦዩን ተከትዬ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሄጄ ፈለግኩ። ጎርፉ ወስዶታል።

ስመለስ ጋሽ ቶሎሳ ጠጋ ብለው፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ይቺ ጫማ ቦይ ድረስ በራሷ እግር አልሄደችም» አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ። «አይተዋል?»

«በየቀኑ» አሉ። ከዚያ የተሰበረውን መደርደሪያ ሊያነሱ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ዝናብ ነው» ብል ማንም አይከራከረኝም ነበር። ዝናቡንም ሁሉም አይቶታል። መስፍን ራሱ «ምንም አይደል፣ ጎርፍ ነው» ሊል አፉን ከፍቷል። ግን የእነዚያ እናቶች ምርቃት ገና ከላዬ አልደረቀም ነበር።

«ጎርፍ አይደለም» አልኩት። «እኔ ነኝ። ጫማህን ሆን ብዬ ነው ዳር ያስቀመጥኩት። ከመጣህበት ቀን ጀምሮ።»

ጫማዬን አወለቅኩና እግሩ ሥር አኖርኩ። እኔ አርባ አራት ነኝ፤ እሱ አርባ ቢሆን ነው። እንቢ አለ። እናቱ ግን የተባባልነውን ሳይሰሙ «አጥልቅ እንጂ! ሰው አክብሮ ሲሰጥ!» ብለው ጮሁበት። አጠለቀ።

ኮብልስቶኑን ይዘን ወደ ቤት ሄድን። እማማ አስካለ በመሃል፣ አንድ ክንዳቸውን ለእሱ፣ አንዱን ለእኔ ሰጥተው። መስፍን በእኔ ጫማ ቷ ቷ እያለ፣ እኔ በባዶ እግሬ ጠጠር በረገጥኩ ቁጥር እየዘለልኩ። መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው ሴት እስክናልፍ ድረስ ማራገቢያዋን አላነሳችም።

ብዙ ከሄድን በኋላ መስፍን «አውቅ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሦስተኛው ቀን ላይ ነው የገባኝ። ጫማዬ በቀን አንድ እርምጃ እየተሰደደ ነው። ሂሳብ አስተማሪ ነኝ እኮ፣ ቦዩ ጋ መቼ እንደሚደርስ አስልቼው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንተ ዝናብና ብርድ እየመታህ የሰው ጫማ ትጠብቃለህ፤ እኔ ገብቼ አስቀድሳለሁ። ምን ብዬ ልናገርህ? ደግሞ... ጣራህን አይቼዋለሁ። ባለቤትህ ለእናቴ በስልክ አሳይታት ነበር። ያን ያህል መስሎኝ አልነበረም። ካየሁት በኋላ ልመጣ ብዬ ስንቴ ደረጃውን ወርጄ ተመለስኩ መሰለህ። ስምንት ወር ሙሉ ዝም ብሎ የከረመ ሰው ምን ብሎ በር ያንኳኳል?»

«ምንድነው የሚለው?» አሉ እማማ አስካለ።

«ቧንቧ ሠሪ እጠራለሁ እያልኩት ነው!» ብሎ ጮኸላቸው።

«እሱን ከነገርኩህ ስንት ጊዜዬ!» አሉ። ለካ ሰምተው ኖሯል።

ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ልሰናበት ብዬ ቆምኩ። እማማ አስካለ ክንዴን አልለቀቁም። «ጾመህ፣ ደክመህ፣ የት ነው የምትሄደው? ሽሮ አለ!» ብለው ወደ ላይ ጎተቱኝ። ሰናይትን ከበራችን ላይ ጠሯት። እሷም የጭቃ ሱሪዬን፣ ባዶ እግሬን፣ መስፍን እግር ላይ ያለውን ጫማዬን በተራ አየች። ነጠላዋን አንስታ ተከተለችን።

አራተኛ ፎቅ ከስምንት ወር በኋላ ገባሁ። እግሬን ታጠብኩ፤ ያውም በዚያው መታጠቢያ ቤት። ውኃው ወዴት እንደሚወርድ ሳስብ በጥንቃቄ ነው የታጠብኩት። ሽሮው ቀረበ። ለጸሎት ተነሣን። እማማ አስካለ የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙ «አባታችን ሆይ»ን የሚሉት ሕንጻው ሁሉ እንዲጸልይ በሚመስል ጩኸት ነው። ሁላችንም አብረን አልን። የዕለት እንጀራችንን እስኪባል ድረስ አራታችንም አንድ ላይ ነበርን።

«በደላችንንም ይቅር በለን...» ላይ ስንደርስ የእኔ ድምፅ ጠፋ። ከጎኔ የመስፍንም ጠፋ። ሰናይት እኛን እያየች ከንፈሯን ነክሳ ስለነበር የእሷም ቀረ። እማማ አስካለ ግን እኛ ወደኋላ መቅረታችንን አልሰሙም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የምትለዋን ብቻቸውን፣ ስለ አራታችን፣ እየጮሁ አሻገሯት።

እኛ አሜን ላይ ደረስንባቸው።